መጽሐፍ አውሶ፣ መጽሐፉንም ወዳጁንም ላለማጣት

«ይሄን ሁሉ መጽሐፍ እያዋስሽ እንዴት ነው መደርደሪያሽ ባዶውን የማይቀረው?» ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ወር የለም። የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሲያውስ ሲያውስ የተቃጠለ ነው፤ አሁን እንግዳ ሊመጣ ሲል ጥሩ ጥሩዎቹን አልጋ ሥር ይከታል። ሌላው ደግሞ የሰው መጽሐፍ ተውሶ ሁለት ዓመት ያስቀመጠ ነው፤ ባለቤቱን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይሻገራል።

ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ነው። የቤት መጽሐፍን ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው ይሉኝታ ነው። ሌባማ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል። ያዋሰው ሰው «መጽሐፌን» ማለት ያፍራል። የተዋሰው ደግሞ ስለዘገየ ያፍራል። ሁለቱ ሲተፋፈሩ መጽሐፉ እዚያው ይቀራል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ይሉኝታ የሚገባበትን ቀዳዳ ለመድፈን ናቸው። አፋችሁ የሚያፍረውን ደብተር ይጠይቅላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፣ ወይም ስልክ ላይ ያለ ኤክሴል። ሁለቱም ቢኖሩ ይሻላል።
- ለስላሳ እርሳስ (ኤችቢ ወይም 2ቢ) እና ላጲስ።
- ጠንከር ያለ ወረቀት፣ 5 ሳ.ሜ በ18 ሳ.ሜ እየተቆረጠ ዕልባት የሚሆን።
- ካሜራ ያለው ስልክ።
- ለስላሳ ብሩሽና ደረቅ ጨርቅ።
- አፉ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት፣ ጥቂት።
- ቀለም የሌለው ነጭ ሶፍት።

ስኮች ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ረስቼው አይደለም፤ 9ኛው ደረጃ ላይ ምክንያቱን ታገኙታላችሁ።

1. ከቤት የማይወጡትን ለዩ

ከማንኛውም ነገር በፊት መጽሐፎቻችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉ፦ ከቤት የማይወጡ፣ የሚዋሱ፣ እና ቢሰጡም ቅር የማያሰኙ።

የማይወጡት ጥቂት ይሁኑ። እኔ ዘንድ የሚገቡት ኅዳጋቸው ላይ ራሴ ማስታወሻ የጻፍኩባቸው፣ ሰው በእጅ ጽሑፉ መርቆ የሰጠኝ፣ ዳግም ያልታተሙና የማይገኙ፣ እንዲሁም ባለ ብዙ ቅጽ ሆነው አንዱ ከጠፋ ሌላው የሚጎድልባቸው ናቸው። እነዚህን ለብቻ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ።

ይህን አስቀድሞ መወሰን የሚያስፈልገው በር ላይ ቆሞ መወሰን ስለሚከብድ ነው። ወዳጃችሁ መጽሐፉን እቅፍ አድርጎ «ይሄንን ልውሰደው?» ሲል «አይ» የሚል አንደበት ያለው ስንቱ ነው? መደርደሪያው የራሱ ሕግ ካለው ግን እምቢ የምትሉት ለሰውየው አይሆንም። «እዚያ ላይ ያሉት ከቤት አይወጡም፤ ግን መጥተህ እዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው» ትላላችሁ። ማንም አይቀየምም።

2. ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ስጡና መዝግቡ

ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ጋ ነው። በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ። በቀን 20 መጽሐፍ ብትመዘግቡ 400 መጽሐፍ በ20 ቀን ያልቃል።

የምትጽፉት ይህን ብቻ ነው፦ ተራ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ደራሲ (ተርጓሚ ካለም ተርጓሚ)፣ የታተመበት ዓመት፣ የመጽሐፉ ሁኔታ። የመጨረሻውን አትዝለሉት። «የፊት ሽፋኑ ጥጉ የተቀደደ፣ ገጽ 90 ላይ የውሃ ጠብታ» ብላችሁ ካልጻፋችሁ፣ ነገ የራሳችሁን ጥፋት በሰው ላይ ታላክካላችሁ።

ከሽፋኑ ጀርባ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (አይኤስቢኤን) አይበቃም ወይ የሚሉኝ አሉ። ቁጥሩ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 10 አሃዝ ነበረው፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 13 ሆኗል። ግን የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ጭራሽ የላቸውም። ደግሞም ሁለት ቅጂ ካላችሁ የሁለቱም ቁጥር አንድ ነው፤ የትኛው ማን ጋ እንዳለ አይነግራችሁም። ስለዚህ ከ1 ጀምራችሁ የራሳችሁን ቁጥር ስጡ።

በአማርኛ የምትመዘግቡ ከሆነ ሦስት ነገር ያስቸግራችኋል።

አንደኛው ፊደሉ ነው። «ፀሐይ» ብላችሁ መዝግባችሁ «ጸሐይ» ብላችሁ ብትፈልጉ ኤክሴሉ «የለም» ይላችኋል። ለእሱ ጸ እና ፀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚያው። በፊደል ቅደም ተከተል ስታስደረድሩትም በሠ እና በሰ የሚጀምሩት ርዕሶች የተለያየ ቦታ ይበታተናሉ። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንዱ ላይ ርዕሱን ሽፋኑ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ገልብጡ። ሁለተኛው ላይ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል መልሱት፦ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ። ፍለጋውን በሁለተኛው አድርጉ።

ሁለተኛው የደራሲ ስም ነው። የእኛ ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው፤ የአባቱ ስም ቀጥሎ ይመጣል። የውጭ ደራሲዎች ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚደረደሩት በቤተሰብ ስማቸው ነው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ አንድን ደራሲ ሁለት ቦታ ትፈልጉታላችሁ። እኔ ሁሉንም በመጀመሪያ ስም አድርጌ ተገላግያለሁ። እናንተ የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ አንዴ ከመረጣችሁ ግን አትቀያይሩ።

ሦስተኛው ዓመተ ምሕረቱ ነው። ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ። በሁለቱ መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። ምልክቱን ከዘለላችሁ 2005 ዓ.ም የታተመ ትርጉም፣ 2010 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከዋናው መጽሐፍ የቀደመ ይመስላል።

3. የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት አድርጉ

የፊት ሽፋኑን ስትገልጡ የሚመጣው ባዶ ገጽ ላይ፣ ከላይ ጥጉ ላይ፣ ስማችሁንና የመጽሐፉን ቁጥር በእርሳስ ጻፉ። ቀጥላችሁ አንድ ምስጢር ገጽ ምረጡ፤ ለምሳሌ ገጽ 31። በሁሉም መጽሐፎቻችሁ ገጽ 31 ላይ፣ ከታች በኩል ቁጥሩን በትንሹ ድገሙት። የፊተኛው ገጽ ቢገነጠል ወይም ስሙ ቢጠፋ ሁለተኛው ይናገራል።

በእርሳስ የሚሆነው ቀለም ወረቀት አልፎ ስለሚታይና ውሃ ሲነካው ስለሚሰራጭ ነው። ደግሞ መጽሐፉን አንድ ቀን ስጦታ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ላጲስ ይበቃዋል። ስልክ ቁጥር መጽሐፉ ላይ አትጻፉ። ስልክ ይቀየራል፤ መጽሐፍም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስልካችሁ ዕልባቱ ላይ ይሁን።

4. ሲወጣ ቦታው እንዲታይ አድርጋችሁ ደርድሩ

በርዕሰ ጉዳይም በደራሲም ደርድሩ፤ ግዴላችሁም። ዋናው ነገር መጽሐፍ ሲወጣ ባዶ ቦታው በሌላ እንዳይሞላ ነው። የተዋሰው መጽሐፍ ቦታ ላይ ቁጥሩ የተጻፈበት ጠንካራ ወረቀት አቁሙ። አቧራ ስትጠርጉ ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ትዝ ይላችኋል።

መጽሐፎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ አያጋድሉ፤ አይጣበቡም። ስታወጡ ከላይ ጫፉን በጣት አትሳቡ። ግራና ቀኙ ያሉትን ገፋ አድርጋችሁ መሃሉን ጨብጡት። ርዕሱ የተጻፈበት ጠባቡ ጎን መጀመሪያ የሚቀደደው ከላይ በመሳብ ነው።

5. ለማን ምን እንደምታውሱ እወቁ

ከማዋስ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «አሁን ምን እያነበብክ ነው?» መልሱ «ሦስት ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም» ከሆነ አራተኛውን አትጨምሩለት። ዝርዝሩ ላይ ስሙን ጻፉለትና ሲጨርስ ይምጣ።

ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ። ቢበዛ ሁለት። ብዙ መጽሐፍ የወሰደ ሰው ሁሉንም ጨርሶ በአንድ ላይ ለመመለስ ያስባል፤ ያ ቀን ደግሞ አይመጣም። አንድ የወሰደ ግን ሲመልስ ሌላ ይወስዳል። በመካከሉ ወሬ አለ፣ ክርክር አለ። እውነቱን ለመናገር መጽሐፍ የማውሰውም ለዚያ ወሬ ብዬ ነው።

6. መጽሐፉ ከእጃችሁ ሳይወጣ ጻፉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የመጽሐፉ ቁጥር፣ የተዋሹ ስም፣ የወጣበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን። አራት ነገር ነው። ሰውየው እያየ ይጻፍ። «ኋላ እጽፈዋለሁ» የለም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። አንድ የምወደው የታሪክ መጽሐፍ ጠፋብኝ። ማን እንደወሰደው በደንብ አስታውስ ነበር፤ ማለት፣ የማስታውስ ይመስለኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ ዝናቡን እየጠበቀ፣ መጽሐፉን ጃኬቱ ውስጥ ሲከተው በዓይኔ ይታየኛል። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። «እኔ ጋ የለም» አለ። በሦስተኛው ድምፄ ከረረ፤ እሱም ዝም አለ። ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ጓደኛዬ ቤት ስሄድ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዕልባቱ የእኔ ነው። ያ በዝናብ የሄደው ልጅ የወሰደው ሌላ መጽሐፍ ነበር፤ እሱንም ከመለሰ ቆይቷል። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ይቅር አለኝ። መጽሐፍ ሊዋሰኝ ግን ከዚያ በኋላ አልመጣም።

መጻፍ ካቃታችሁ ፎቶ አንሱ። ሰውየው መጽሐፉን ደረቱ ላይ ይዞ አንድ ፎቶ። ቀኑን ስልኩ ራሱ ይመዘግባል። ማታ ወደ ደብተሩ ገልብጡት። ሰው ፎቶውን ይወደዋል፤ መዝገብ መሆኑም አይከብደውም።

7. ቀኑን ተዋሹ ራሱ ይቁረጥ

«መቼ ትመልሰዋለህ?» አትበሉ፤ የፖሊስ ጥያቄ ይመስላል። «ለስንት ጊዜ ልጻፈው?» በሉ። ራሱ የቆረጠው ቀን ላይ መጠየቅ አይከብዳችሁም። ዝም ካለ 4 ሳምንት ጻፉ። ወፍራም መጽሐፍ ከሆነ 6። ከዚያ በላይ አትስጡ፤ ሩቅ ቀን የሌለ ቀን ማለት ነው።

ቀኑን ዕልባቱ ላይ ጻፉና መጽሐፉ ውስጥ ክተቱት። ዕልባቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንባቢው ባነበበ ቁጥር ቀኑን ያያል፤ ደግሞም የገጽ ጫፍ አያጥፍም። ሰው ገጽ የሚያጥፈው ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ዕልባት አጥቶ ነው።

አንድ ነገር በቃል ጨምሩ፦ «ለሌላ ሰው እንዳታውሰው፤ የሚፈልግ ካለ ወደ እኔ ላከው።» በመጽሐፍ መጥፋት ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። ሦስተኛው ሰው እናንተን አያውቃችሁም፤ ቀኑንም አያውቅም።

8. ሳይቃጠል በቅጠል አስታውሱ

ቀኑ ከማለፉ ከሦስት ቀን በፊት አጭር መልእክት ላኩ። ካለፈ በኋላ የሚላክ መልእክት ወቀሳ ነው። ከማለፉ በፊት የሚላክ ግን የወዳጅ ነው። እኔ የምልከው ይህን ነው፦

«ሰላም ነህ? ያ መጽሐፍ እንዴት እየሄደልህ ነው? ቅዳሜ ቀኑ ይደርሳል። ካልጨረስክ ንገረኝ፣ ሁለት ሳምንት እጨምርልሃለሁ።»

ማራዘሙን እናንተ አንሱት። ያልጨረሰ ሰው «አልጨረስኩም» ለማለት ስለሚያፍር ነው የሚጠፋው። ሁለት ጊዜ ካራዘመ ግን መጽሐፉ አልያዘውም ማለት ነው። «ግዴለም፣ ሳትጨርሰውም መልሰው፤ ሌላ እሰጥሃለሁ» በሉት። እፎይ ሲል ታዩታላችሁ።

ቀኑ ካለፈ በሳምንቱ ደውሉ። መልእክት በሌላ መልእክት ላይ አትደርድሩ። በዚያም ካልሆነ «በዚያ በኩል ሳልፍ ልውሰደው» በሉ። ብዙ መጽሐፍ በዚህች ዐረፍተ ነገር ተመልሶልኛል።

9. ሲመለስ

መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ አውሩ። ከዚያ ደብተሩን አውጡና ሰውየው እያየ መስመሩን ሰርዙ። ገጽ በገጽ መመርመር እሱ ከሄደ በኋላ ይሁን፤ ፊቱ ላይ ማገላበጥ ያስከፋል። የደረሰውን ጉዳት እንደ ዓይነቱ ያዙት።

የተቀደደ ገጽ፦ ስኮች አትለጥፉ። ሙጫው ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲላቀቅም ፊደሉን ይዞ ይነሳል። ቁራጩን በፖስታ አድርጋችሁ እዚያው ገጽ ውስጥ አስቀምጡ። ውድ መጽሐፍ ከሆነ ለጠራዥ አሳዩ። አግራፍም አትጠቀሙ፤ ዝጎ የቡና ዓይነት ምልክት ይተዋል።

የረጠበ፦ በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬ ነው። ጠብ የሚል ከሆነ መጀመሪያ አጋድሙት፤ በየጥቂት ገጹ ነጭ ሶፍት አስገቡ፤ ሶፍቱ ሲርስ ቀይሩ። ውሃው ሲቀንስ አቁሙትና ገጾቹን እንደ ማራገቢያ ዘርግታችሁ ነፋስ ያለበት ቦታ አድርጉት። ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ካውያም አታስነኩት፤ ይጣመማል። የሚያንጸባርቅ ወረቀት ያለው፣ ፎቶ የበዛበት መጽሐፍ ከሆነ ሲደርቅ ገጾቹ እንደ ድንጋይ ይጣበቃሉ። በእያንዳንዱ ገጽ መካከል ወረቀት ለማስገባት ጊዜ ከሌላችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱትና ጊዜ ግዙ።

ብል ወይም ትንንሽ ነፍሳት ያሉበት፦ ወደ መደርደሪያው አትመልሱት። አየሩን አስወጥታችሁ በከረጢት እሸጉት፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሠራ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ስታወጡት ከረጢቱን አንድ ሙሉ ቀን ሳትከፍቱ ተዉት። ቶሎ ከከፈታችሁት የአየሩ እርጥበት ቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ጠል ይሆናል፤ ከብል ወጥታችሁ ሻጋታ ውስጥ ትገባላችሁ።

ከነጭራሹ ጠፋ ካለ፦ አስቀድማችሁ ያወጣችሁት ሕግ ይኑር። የእኔ ሕግ «ያንኑ ካገኘህ ያንኑ፤ ካላገኘህ ከራስህ መደርደሪያ አንድ እኔ የምመርጠው» ነው። ገንዘብ አልቀበልም። ገንዘብ ስትቀበሉ ነገሩ ዕዳ ይሆናል፤ መጽሐፍ ስትቀበሉ ግን ልውውጥ ሆኖ ይቀጥላል።

10. ደብተሩን የጋራ አድርጉት

ከሦስት አራት ወዳጆች ጋር ይህን ከለመዳችሁ በኋላ እያንዳንዱ ሰው «የሚዋሱ» ያላቸውን መጽሐፎች ዝርዝር ለሌሎቹ ይላክ። ሁሉንም አይደለም፤ 1ኛው ደረጃ ላይ የለያችሁትን ብቻ። አንድ መጽሐፍ ሁለት ሰው ከፈለገው ወረፋው ይጻፍ። ግን እያንዳንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላ ከመዞሩ በፊት ባለቤቱ ጋ ይመለስ። ይዘገያል፤ ልክ ናችሁ። ባለቤቱ መጽሐፉን በየመሃሉ ካላየው ግን ጉዳቱ ማን ጋ እንደደረሰ አይታወቅም፤ ከዚያ ጥርጣሬ ይጀምራል።

የተለመዱ ስህተቶች

- ያላነበቡትን አዲስ መጽሐፍ ማዋስ። ሲዘገይ ትናደዳላችሁ። መጀመሪያ እናንተ አንብቡት።
- ሰው ሳይጠይቅ «ይሄን የግድ ማንበብ አለብህ» ብሎ ማሸከም። ያልተፈለገ መጽሐፍ አይነበብም፣ አይመለስምም።
- በሰው ፊት፣ በጨዋታ መሃል «መጽሐፌስ?» ማለት። ይሄ የሚጠየቀው ለብቻ ነው።
- የኅዳግ ማስታወሻ ላይ አለመስማማት። አንዳንዱ እያሰመረ ካላነበበ አይገባውም። በእርሳስ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ሲወስድ ንገሩት።

ጥንቃቄ

- አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ እንደ ውፍረቱ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ረጅሙን መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር እሰሩት፤ በተለይ ልጆች ካሉ። ከባዱን ከታች አድርጉ።
- ሻጋታ ያለበትን መጽሐፍ የምትጠርጉት ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ በደረቅ ብሩሽ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይበልጥ ያሰራጨዋል። አስም ያለበት ሰው አይንካው።
- የተዋሾቻችሁን ስም የያዘውን ደብተር ለሌላ ሰው አታሳዩ። ማን ምን እንደሚያነብ የራሱ ጉዳይ ነው።

መንገድ ለምትሻገሩትም አንድ ደረጃ አለ። መጽሐፉን ዛሬ ከመደርደሪያችሁ አውጡ። አቧራውን ጥረጉት፤ ውስጡ የረሳችሁት ወረቀት ካለ አውጡ። ለመዘግየታችሁ ረጅም ምክንያት አትጻፉ፤ ምክንያት በረዘመ ቁጥር መልእክቱ ሳይላክ ይቀራል። ይህን ገልብጣችሁ ላኩት፦ «መጽሐፍሽ እኔ ጋ ነው፣ በጣም አቆየሁት። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ቤት ላምጣልሽ?»